የቤት ውስጥ ካርታ መቼ ወንጀል ይሆናል? ለሰሜን ቨርጂኒያ ወገኖቻችን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሰሜን ቨርጂኒያ የካፌ፣ የሬስቶራንትና የሺሻ ቤት ባለቤቶች፤ ለዕድርና ለማኅበራት አመራሮች፤ እንዲሁም ሳሎናቸውን ወይም ምድር ቤታቸውን ለካርታ ለሚከፍቱ ወገኖቻችን በሙሉ

ጤና ይስጥልን።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ የቨርጂኒያን የቁማር ሕግና ሕጉ ከኢሚግሬሽን ጋር ያለውን ግንኙነት በቅርብ የምናውቅ ሰዎች ነን። ግልጽ ደብዳቤ ያደረግነው አንድን ቤት ለይተን ለመውቀስ አይደለም። ከሥራ በኋላ ካርታ መበወዝ፣ ቅዳሜ ማታ ኮንከር መጫወት፣ ኳስ እያዩ መወራረድ በመካከላችን እንደ ነውር አይታይም፤ እኛም ነውር ነው ልንል አልተነሣንም። የሚያሳስበን ሌላ ነው። ጨዋታው የቱ ላይ ሲደርስ ወንጀል እንደሚሆን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ባለማወቁ የሚደርስበት ጉዳትም ካርታ ላይ ከሚበላው ገንዘብ እጅግ ይከፋል። በተለይ ግሪን ካርድ ይዞ ዜግነት ለሚጠብቅ ሰው።

«በገዛ ቤቴ ከጓደኞቼ ጋር ብጫወት ማን ያገባዋል?» ሲባል እንሰማለን። የቨርጂኒያ ሕግ ለዚህ ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ አለው፦ ቦታው የምር መኖሪያ ቤት ከሆነ፣ ለእንዲህ ያለ ጨዋታ የሚዘወተር ካልሆነ፣ አጫዋችም (ጨዋታውን የሚያካሂድ ሰው) ከሌለው ማንም አያገባውም። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን ጥበቃው በሙሉ ይጠፋል። ወገኖቻችን ጉዳት ላይ የሚወድቁት አንዱን አሟልተው ሁለቱን ስለሚረሱ ነው።

በመጀመሪያ ሕጉ ቁማር የሚለው ምን እንደሆነ እንይ። የቨርጂኒያ ሕግ ክፍል 18.2-325 ሦስት ነገሮችን ያያይዛል፦ ገንዘብ ወይም ዋጋ ያለው ነገር ማስያዝ፤ በምላሹ መደቡን ወይም ሽልማቱን የማግኘት ዕድል፤ ውጤቱ አስቀድሞ የማይታወቅ ወይም በዕድል የሚወሰን ጨዋታ፣ ውድድር ወይም ሌላ ክስተት። ክስተቱ ከቨርጂኒያ ውጭ ቢሆንም ለውጥ የለውም። ለንደን ውስጥ በሚደረግ የአርሰናል ጨዋታ አሌክሳንድሪያ ካፌ ተቀምጠው ገንዘብ ያስያዙ ሁለት ሰዎች ቨርጂኒያ ውስጥ ቆምረዋል። «ከዚህ በታች ከሆነ ግድ የለም» የሚል የገንዘብ ወለልም አልተጻፈም። «የተሸነፈ የሁላችንንም ማኪያቶ ይከፍላል» የሚለው እንኳ ካፌ ውስጥ ከተደረገ ከትርጉሙ አይወጣም። ለማኪያቶ ብሎ በር የሚሰብር ፖሊስ እንደማይኖር እናውቃለን። ነገር ግን «ሃያ ዶላር ብቻ ነው፣ ቁማር አይባልም» ብሎ የሚያጽናና ሰው በሕጉ ውስጥ የሌለ መጠን እየጠቀሰ ነው። «ኮንከር የጭንቅላት ጨዋታ ነው» የሚለውም ክርክር ብዙ አያስኬድም፤ ካርታ ተበውዞ ሲታደል ምን እንደሚደርሰው የሚያውቅ የለም፣ ሕጉ ደግሞ ውጤቱ አለመታወቁን ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ተጫዋቹ የሚጠየቀው በክፍል 18.2-326 ነው። ጥፋቱ ክላስ 3 ሚስዲሚነር (ቀላል ወንጀል) ሲሆን ቅጣቱ እስከ 500 ዶላር ይደርሳል፤ እስር የለውም። በቡድን የቆመሩ ከሆነ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይጠየቃሉ።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው። ክፍል 18.2-334 በመኖሪያ ቤት ውስጥ በሚደረግ የዕድል ጨዋታ መሳተፍ ወንጀል እንዳልሆነ ይናገራል፤ ግን ወዲያው ከላይ ያልናቸውን ገደቦች ያስቀምጣል።

መኖሪያ ቤት ማለት ሰው የሚያድርበት፣ ቤተሰብ የሚኖርበት ቤት ነው። የታውን ሐውስ ምድር ቤት ይሆናል፣ የአፓርታማ ሳሎን ይሆናል። ከተዘጋ በኋላ መጋረጃው የወረደ ካፌ ግን መኖሪያ ቤት አይደለም። ሶፋና ፍሪጅ የገባበት የተከራየ ቢሮ፣ የማኅበር አዳራሽ፣ ከሬስቶራንት በስተጀርባ ያለ ክፍል አይደሉም። «ለአባላት ብቻ» የሚል ወረቀት በር ላይ መለጠፍ ቦታውን የግል ሊያስመስለው ይችላል፤ መኖሪያ ግን አያደርገውም። ይህን ደግመን የምንለው የካፌ ባለቤቶች «የግል ክበብ ነው» የሚለውን ቃል እንደ ጋሻ ሲይዙት ስለምናይ ነው። ሕጉ ለክበብ ምንም አልሰጠም።

ሁለተኛው ገደብ ቤቱ ለእንዲህ ያለ ጨዋታ የሚዘወተር እንዳይሆን ነው። እዚህም ቁጥር የለም። በወር ሁለት ጊዜ ይፈቀዳል፣ አራት ጊዜ ይከለከላል የሚል ነገር አታገኙም። ዳኛው የሚያየው የተሰበሰበውን ማስረጃ ነው፦ ሁልጊዜ እንደተዘረጋ የሚያድር የካርታ ጠረጴዛ፣ «ዓርብ እንደተለመደው» የሚል የቴሌግራም መልእክት፣ በየሳምንቱ እስከ ንጋት መንገዱን የሚሞሉ መኪኖችና የጎረቤት አቤቱታ፣ የቤቱን ባለቤት ስም እንኳ የማያውቁ ተጫዋቾች። በገና ዋዜማ ዘመድ ተሰብስቦ የተጫወተበት ቤትና ዓመቱን ሙሉ ዓርብ ዓርብ የሚከፈት ቤት በዚህ መለኪያ ፊት አንድ አይደሉም፤ የተያዘው ገንዘብ እኩል ቢሆንም።

ሦስተኛው አጫዋች ነው። ሕጉ አጫዋች የሚለው ጨዋታውን የሚያካሂደውን፣ ገንዘብ የሚያቀርብለትን፣ የሚያስተዳድረውን፣ የሚቆጣጠረውን፣ የሚመራውን ወይም በከፊልም ቢሆን የእሱ የሆነውን ሰው ነው። «ድርሻ አልወስድም፤ ስለዚህ አጫዋች አይደለሁም» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ይህ አደገኛ ስሕተት ነው። ድርሻ መውሰድ በጣም ግልጽ የሆነው ምልክት እንጂ ብቸኛው አይደለም። ከየመደቡ ሁለት ዶላር የሚያነሳ አጫዋች ነው። የመቀመጫ የሚያስከፍልም እንዲሁ። ግን ደግሞ ገንዘብ ላለቀበት ተጫዋች እያበደረ ጨዋታውን የሚያቆይ ሰው ገንዘብ እያቀረበ ነው፤ ቺፕስ የሚሸጥና በመጨረሻ የሚመነዝር፣ ማን ተቀምጦ ማን እንደሚነሣ የሚወስን፣ ካርታ እያደለ ጉርሻ የሚቀበል ሰው ጨዋታውን እያካሄደ ነው። ራሱ ተቀምጦ እንደ ሌሎቹ እየመደበ፣ እንደ ሌሎቹ እየበላና እየተበላ የሚጫወት የቤት ባለቤት የተሻለ ቦታ ላይ ነው። ምግብና ቢራ እያቀረበ ዋጋ የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይከተለዋል፤ ያለ ፈቃድ መጠጥ መሸጥ ለብቻው ጥፋት ነው፣ ቤቱም ከመኖሪያነት ይልቅ መሸታ ቤት ይመስላል።

አጫዋች የሚጠየቀው በክፍል 18.2-328 ሲሆን፣ ከ500 ዶላር ቅጣት በአንድ ጊዜ ወደ ፌሎኒ (ከባድ ወንጀል) የሚኬደው እዚህ ነው። መነሻው ክላስ 6 ፌሎኒ ነው፤ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት፣ ወይም ዳኛው ወይም ጁሪው ካቀለለው እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት፣ ወይም ከሁለቱ አንዱ። ከሁለት ነገሮች አንዱ ሲጨመርበት ግን ከ1 እስከ 10 ዓመት እስራትና እስከ 20,000 ዶላር መቀጮ ይሆናል፦ ጨዋታው ያለ ጉልህ መቋረጥ ከ30 ቀን በላይ ከቆየ፣ ወይም በአንድ ቀን 2,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ጠቅላላ ገቢ ካስተናገደ።

2,000 ዶላር ብዙ ይመስላል። ሕጉ ጠቅላላ ገቢ የሚለው ግን ባለቤቱ ኪስ የገባውን አይደለም፤ በጨዋታው ውስጥ ያለፈውን ውርርድ በሙሉ፣ ምንም ሳይቀነስ፣ ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ ባይተላለፍም ጭምር ነው። እናስላው። ስድስት ሰው ተቀምጦ እያንዳንዱ በየዙሩ 5 ዶላር ቢመድብ መደቡ 30 ዶላር ይሆናል። አንድ ዙር ስድስት ደቂቃ ቢፈጅ በሰዓት አሥር ዙር፣ በሰባት ሰዓት ሰባ ዙር ነው። ሰባ ጊዜ 30 ዶላር 2,100 ዶላር ይመጣል። ባለቤቱ ከየዙሩ 2 ዶላር አንሥቶ ከሆነ በኪሱ የገባው 140 ዶላር ብቻ ነው፤ ለመብራትና ለቡና ነው ብሎ ያስባል። ዐቃቤ ሕግ ግን 2,100 ብሎ ሊጽፈው ይችላል። አሥር ሰው እያንዳንዱ የ200 ዶላር ቺፕስ ከገዛ ደግሞ አንድም ካርታ ሳይታደል 2,000 ሞላ ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። «የእኛ ጨዋታ ትንሽ ናት» ለምትሉ ወገኖቻችን ይህን ስሌት በራሳችሁ ጠረጴዛ ቁጥር እንድትሠሩት እንለምናችኋለን።

ራሱ ካርታ ያልነካ የቦታ ባለቤትም ነጻ አይደለም። ክፍል 18.2-329 ባለቤትን፣ ተከራይን፣ ነዋሪን ወይም ቦታውን የሚቆጣጠር ማንኛውንም ሰው ይይዛል። ቦታው ለሕገወጥ ቁማር እንደሚውል እያወቀ፣ ወይም ሊያውቅ ሲገባው፣ ለፖሊስ ሳያስታውቅ ጨዋታው እንዲቀጥል ከፈቀደ ክላስ 1 ሚስዲሚነር ነው፤ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር። «ሊያውቅ ሲገባው» የሚለውን ልብ በሉ። ምድር ቤቱን ለ«ክበብ» አከራይቶ በየወሩ ኪራይ የሚቀበል፣ ላይ ፎቅ ሆኖ የቺፕስ ድምፅ የሚሰማ የሬስቶራንት ባለቤት «አላየሁም» ቢል አይሠራለትም። ክፍሉ ከቦታ ሌላ መኪናንም ይጨምራል። እያወቀ የሚረዳ ሰው ደግሞ፣ ማለትም በር የሚጠብቀው፣ ቡናና ቢራ እያመላለሰች መደቡን የምትቆጥረው አስተናጋጅ፣ በክፍል 18.2-330 በተመሳሳይ ክላስ 1 ይጠየቃሉ። በሰዓት ክፍያ የምትሠራ ልጅ በእናንተ ጠረጴዛ ምክንያት የወንጀል መዝገብ ሊከፈትባት እንደሚችል አስቡ።

በክስ ጊዜ ማን ይመሰክራል የሚለውን ብዙ ሰው አያስብም። ከእናንተ ጋር የተጫወቱት ናቸው የሚመሰክሩት። በክፍል 18.2-337 መሠረት በቁማር ክስ ለምስክርነት የተጠራ ሰው እንዲናገር ይገደዳል፤ በምላሹ በዚያ ቦታና ጊዜ በሠራው የቁማር ጥፋት አይከሰስም። ስለዚህ የጓደኝነት ምስጢር ፍርድ ቤት ፊት አይጸናም። ጠረጴዛው ላይ የተገኘው ገንዘብ፣ ቺፕሱ፣ ለጨዋታው የዋሉ ዕቃዎችና አሸናፊው የሚቀበለው መደብ በክፍል 18.2-336 ለመንግሥት ይወረሳሉ። የመጠጥ ፈቃድ ያለው ቤት ከሆነ ደግሞ የቨርጂኒያ የአልኮል ቁጥጥር ባለሥልጣን በቅጥሩ ውስጥ ሕገወጥ ቁማር መፍቀድን ወይም የተከለከለ ማሽን ማስቀመጥን ፈቃድ ለማገድና ለመሰረዝ ምክንያት አድርጎ ይይዘዋል። የቁማር ክሱ ሳያልቅ ንግዱ ሊያልቅ ይችላል።

ስለ ማሽኖቹ አጭር እንበል። «የችሎታ ጨዋታ» ተብለው በነዳጅ ማደያና በሬስቶራንት ጥግ የሚቆሙት ማሽኖች በቨርጂኒያ ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ተከልክለው ነበር፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አንድ ፍርድ ቤት ክልከላውን አቆመው፤ በጥቅምት 2023 የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዚያን ፍርድ ቤት ትእዛዝ አንሥቶ ክልከላውን መለሰው፤ በ2024 ሊፈቅዳቸው የነበረውን ሕግ አገረ ገዢው በቬቶ መለሱት። ወቅቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ፈቃድ በሌለው ቦታ ለሚገኝ ለእያንዳንዱ ማሽን እስከ 25,000 ዶላር የፍትሐ ብሔር ቅጣት አለ። አከፋፋዩ መጥቶ «አሁን ሕጋዊ ሆኗል፣ ትርፉን እኩል እንካፈላለን» ሲላችሁ፣ የእሱን ቃል ሳይሆን በዚያ ቀን በሥራ ላይ ያለውን የሕግ ጽሑፍ በጠበቃ አሳዩ። ጉዳዩ የምክር ቤት ስብሰባ በተከፈተ ቁጥር የሚነሣ ነው።

አገር ቤት ከብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ ያወጡ የውርርድ ሱቆችን ለምዶ የመጣ ወጣት፣ እዚህ ካፌ ውስጥ ደብተር ይዞ በፕሪሚየር ሊግ ውርርድ መቀበል ተራ ሥራ ሊመስለው ይችላል። በቨርጂኒያ የስፖርት ውርርድ የሚፈቀደው ከቨርጂኒያ ሎተሪ ፈቃድ ባላቸው ድርጅቶች በኩል ብቻ ነው፤ ለ21 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው። ደብተር የያዘው ልጅ በሕጉ ዓይን አጫዋች ነው። ፖከር መጫወት የሚወድ ሰው ፖቶማክን ተሻግሮ ናሽናል ሃርበር በሚገኘው ኤም ጂ ኤም ካሲኖ ያለ ፍርሃት ይቀመጣል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ዲሲ በሚገኝ ቤት ግን እዚህ የጻፍነውን የቨርጂኒያ ሕግ ይዞ እንዳይሄድ፤ ሜሪላንድም ዲሲም የራሳቸው ሕግ አላቸው።

የቁማር ዕዳ ነገር ለብቻው መነገር አለበት፤ ሽማግሌዎች ስለሚገቡበት። በክፍል 11-14 መሠረት በቁማር የተገባ የገንዘብ ውል ዋጋ የለውም። የተፈረመ ወረቀት ቢኖርም፣ ቼክ ቢጻፍም፣ አበዳሪው ገንዘቡ ለመጫወቻ መሆኑን እያወቀ ካበደረም እንደዚያው ነው። ከዚህም አልፎ በክፍል 11-15 በ24 ሰዓት ውስጥ 5 ዶላርና ከዚያ በላይ ተበልቶ የከፈለ ሰው በሦስት ወር ውስጥ አሸናፊውን ከስሶ ማስመለስ ይችላል። በማጭበርበር የበላ ደግሞ ከበላው ከአምስት እስከ አሥር እጥፍ ይቀጣል። «ካልከፈልክ ለሚስትህ እነግራለሁ፣ ለኢሚግሬሽን እጠቁማለሁ» ብሎ ገንዘብ ማስከፈል ራሱን የቻለ ከባድ ወንጀል ነው። ስለዚህ የዕድር ሽማግሌዎች ሆይ፣ ሁለት ሰው በካርታ ዕዳ ተጣልተው ሲመጡ ሰላም አውርዱ፣ ቂም አስጥሉ፤ ዕዳውን ግን እንደ ሕጋዊ ዕዳ አድርጋችሁ በወር በወር ይከፈል ብላችሁ አትፍረዱ።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበን ነገር መጣን። አሜሪካዊ ዜጋ የሆነ ጎረቤት በክላስ 3 ሲከሰስ ሁለት መቶ ወይም ሦስት መቶ ዶላር ከፍሎ ይረሳዋል። ግሪን ካርድ ያለው ወገናችን ይህን ማድረግ የለበትም። የፌዴራል የኢሚግሬሽን ሕግ ዜግነት ለመውሰድ የሚያስፈልገውን መልካም ጠባይ ሲዘረዝር፣ በሚመረመረው ጊዜ ውስጥ በተፈጸሙ ሁለትና ከዚያ በላይ የቁማር ጥፋቶች የተፈረደበትን ሰው መልካም ጠባይ አለው ሊባል እንደማይችል ይደነግጋል። ገቢው በዋናነት ከሕገወጥ ቁማር የሆነም እንዲሁ፤ ይህኛው የፍርድ ውሳኔ እንኳ አይጠይቅም። የሚመረመረው ጊዜ ለአብዛኛው አመልካች 5 ዓመት ነው፤ ከአሜሪካዊ ዜጋ ጋር በጋብቻ ለሚኖርና በዚያ መንገድ ለሚያመለክት 3 ዓመት። ሕጉ ትልቅ ቁማር፣ ትንሽ ቁማር ብሎ አይለይም። የዜግነት ማመልከቻው ኤን-400 ራሱ ሕገወጥ ቁማር ተጫውተህ ወይም ከሱ ገቢ አግኝተህ ታውቃለህ ብሎ በቀጥታ ይጠይቃል፤ ያንን ፎርም የምትፈርሙት በመሐላ ነው።

ሌላ ወጥመድም አለ። በወንጀል ፍርድ ቤት «ጥፋተኛ ነኝ በል፣ ለስድስት ወር ከጥፋት ከራቅህ ፋይሉ ይዘጋል» የሚል ስምምነት ሊቀርብ ይችላል። ለቨርጂኒያ መዝገብ ይህ መልካም ነው። ለኢሚግሬሽን ግን ሰውየው ጥፋቱን ካመነና ዳኛው ማንኛውንም ቅጣት ወይም ገደብ ከጣለበት፣ ፋይሉ በኋላ ቢዘጋም እንደ ፍርድ ሊቆጠር ይችላል። በዚያ ላይ ክላስ 3 እስር ስለሌለው መንግሥት ጠበቃ አያቆምለትም፤ ሰውየው ብቻውን ዳኛ ፊት ቆሞ «እሺ» ብሎ ይወጣል። የአማርኛ አስተርጓሚ ግን በወንጀል ጉዳይ ያለ ክፍያ ይመደባል፤ ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት ለፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ነው። ጠበቃ የያዘ ሰው ደግሞ «ዜጋ አይደለሁም» ማለትን አይርሳ፤ በ2010 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተወሰነው የፓዲላ እና የኬንተኪ ጉዳይ የወንጀል ጠበቃ ለደንበኛው የኢሚግሬሽኑን መዘዝ የመንገር ግዴታ እንዳለበት አስቀምጧል።

ከዚህ የሚብሰው የፌዴራሉ የቁማር ንግድ ሕግ፣ ርእስ 18 ክፍል 1955 ነው። ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ የስቴቱን ሕግ የሚጥስ ቁማር፤ አምስት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች የሚያካሂዱት፣ ገንዘብ የሚያቀርቡለት ወይም የሚያስተዳድሩት፤ ከ30 ቀን በላይ የቆየ ወይም በአንድ ቀን 2,000 ዶላር ያስተናገደ። ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት ነው። አምስቱ ሰዎች አምስት ሸሪኮች መሆን አይጠበቅባቸውም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1978 በሳናብሪያ ጉዳይ እንዳብራራው ከላይ ያሉ አለቆችም ከታች ያሉ ሠራተኞችም ይቆጠራሉ፤ የማይቆጠረው ተጫዋች ብቻ የሆነ ሰው ነው። ባለቤቱ፣ ካርታ አዳዩ፣ ገንዘብ ያዡ፣ አበዳሪው፣ በረኛው፤ አምስት ሞላ። በዚህ ክፍል ሥር የሚወድቅ ጥፋት ደግሞ በኢሚግሬሽን ሕግ ከከባድ ወንጀሎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ መለኪያውም ሊፈረድ የሚችለው ቅጣት አንድ ዓመት መድረሱ እንጂ የተፈረደው አይደለም። በአመክሮ ብቻ የተለቀቀ ሰው ጭምር ከአገር ሊባረር ይችላል፤ ሃያ ዓመት እዚህ ቢኖርም፣ ልጆቹ ዜጎች ቢሆኑም። በቨርጂኒያ ፍርድ ቤት የተሰጠ የአጫዋችነት ፍርድ ከዚህ ዝርዝር ጋር ይገጥማል ወይስ አይገጥምም የሚለው የሕጎቹን ቃላት በማነጻጸር የሚፈታ ስለሆነ፣ ክሱ ላይ ከመስማማታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማየት አለበት። ከተፈረደ በኋላ መሮጥ ብዙ ጊዜ አይጠቅምም።

ስለ ዕቁብ ሁሌም ስለምንጠየቅ እዚሁ እንናገር። ሁሉም እኩል የሚጥልበት፣ ሁሉም በየተራው እኩል የሚያነሳበት ዕቁብ ላይ ዕጣው የሚወስነው ተራን ብቻ ነው፤ የሚበላም የሚበላበትም የለም፣ ስለዚህ ቁማር ነው ለማለት የሚበቃ ነገር አናይም። «ዕቁብ» እየተባለ አንዱ የሌላውን ጠቅልሎ የሚወስድበት ነገር ግን ስሙ ብቻ ዕቁብ ነው። የቤተ ክርስቲያን፣ የመስጊድና የማኅበር ሎተሪ ደግሞ በበጎ አድራጎት ጨዋታዎች ሕግ ይተዳደራል። ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት መሆን፣ ድርጅቱ በቨርጂኒያ ቢያንስ ሦስት ዓመት የሠራ መሆኑ ይጠየቃል፤ በ12 ወር ውስጥ ከጨዋታው የሚጠበቀው ጠቅላላ ገቢ ከ40,000 ዶላር ካለፈ ከስቴቱ የግብርናና የሸማቾች አገልግሎት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። አንድ ነጋዴ በቤተ ክርስቲያን ስም ቶምቦላ አዘጋጅቶ ትርፉን ቢካፈል ጥበቃ የለውም።

እንግዲህ የምንጠይቃችሁ ይህ ነው። የቤት ባለቤቶች፣ ዘመድና ወዳጅ ብቻ ይምጣ፤ ቀን አትቁረጡ፣ በግሩፕ አትጥሩ፣ ከመደብ አንዲት ዶላር አታንሡ፣ ለጨዋታ አታበድሩ፣ የሚበላውን በነጻ አቅርቡ። የካፌ ባለቤቶች፣ ዳማና ካርታ ያለ ገንዘብ ይቀጥል፤ ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ ከታየ ወዲያው አስቁሙ፣ ካልቆመ ሰዎቹን ከቤታችሁ አስወጡ፣ ሠራተኞቻችሁም ይህን የማድረግ ሥልጣን እንዳላቸው ንገሯቸው። ምድር ቤት ያከራያችሁ፣ የኪራይ ውሉ ላይ የቁማር ክልከላ አስገቡና በአካል እየገባችሁ እዩ። የማኅበር አመራሮች፣ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ለዚህ ጉዳይ ግማሽ ሰዓት መድቡ፤ የወንጀልና የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋብዛችሁ ወጣቶቹ እንዲጠይቁ አድርጉ።

አሁን በዚህ ሥራ ውስጥ ላላችሁ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ያስፈልጋችኋል። መጀመሪያ ጨዋታውን ዛሬ አቁሙ። መልእክትና መዝገብ ለመደምሰስ አትቸኩሉ፤ ማስረጃ ማጥፋት ሌላ ክስ ያመጣል። ከዚያ ጠበቃ እዩ። ሕጉ ለፖሊስ ማስታወቅን እንደ መውጫ ያስቀመጠው ጨዋታውን ላላካሄደ የቦታ ባለቤት ነው፤ ራሱ ያካሄደ ሰው ያለ ጠበቃ ሄዶ ሲናገር በራሱ ላይ መስካሪ ይሆናል። ፖሊስ ከመጣ የፍተሻ ማዘዣ እንዳለው ጠይቁ፣ ካለው አታደናቅፉ፣ ስማችሁን ተናገሩ፣ ለቀረው ጥያቄ ጠበቃ እፈልጋለሁ በሉ። የተያዘውን ገንዘብ «የእኔ ነው፣ የእሱ ነው» ብላችሁ እዚያው አትከራከሩ፤ በመዝገብ የሚጻፈው ያ ንግግር ነው።

ከአክብሮት ጋር